ጌጥና መገልገያ በጉምሩክ ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1926 መገባደጃ ላይ «ፓሪስ» የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ ኒው ዮርክ ወደብ ደርሳ ጭነቷን ስታራግፍ፣ ከሣጥኖቹ መካከል ሮማንያዊው ቀራፂ ኮንስታንቲን ብራንኩሺ የሠራቸው፣ በኒው ዮርክና በሺካጎ ለሕዝብ እንዲታዩ የታሰቡ ሃያ ያህል ሥራዎች ይገኙ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ እንደ መስተዋት እስኪያንጸባርቅ የተወለወለ፣ ከግርጌው ቀጥኖ ተነሥቶ ወደ መካከሉ ሞላ የሚል፣ ከዚያም እየሾለ ወደ ላይ የሚመዘዝ፣ ራስም ክንፍም እግርም የሌለው የነሐስ ቅርጽ ሲሆን፣ ሠሪው የሰጠው ስም «ወፍ በሕዋ» ነበር።

የጉምሩክ ሹማምንት በዚያን ጊዜ የሚመሩበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው የአሜሪካ የታሪፍ ሕግ ነውና፣ ሕጉ ሁለት መንገድ አቀረበላቸው። በአንቀጽ 1704 መሠረት፣ ዕቃው በሙያው የታወቀ ቀራፂ የሠራው ወጥ ሥራ ሆኖ ለመገልገያ የማይውል ከሆነ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ በአንቀጽ 399 መሠረት ግን ከብረታ ብረት የተሠራ ዕቃ፣ የማዕድ፣ የቤት፣ የወጥ ቤትና የሐኪም ቤት መገልገያ ከሚቈጠሩበት ረድፍ የሚገባ ከሆነ ከዋጋው 40 ከመቶ ይከፈልበታል። ሹማምንቱ ወፍ ፈልገው ወፍ ስላላዩ ሁለተኛውን መንገድ መረጡ፤ በዚህም ምክንያት በ600 ዶላር የተገዛው የሥነ ጥበብ ሥራ ከድስትና ከጭልፋ ጋር በአንድ ረድፍ ተመዘገበ።

ቅርጹን የገዛው ታዋቂው ፎቶግራፍ አንሺ ኤድዋርድ ስታይከን ነበር፤ ነገሩም በጉምሩክ ፍርድ ቤት ከእ.ኤ.አ. 1927 ጥቅምት ጀምሮ ክርክር ተደረገበት። መንግሥት የተደገፈበት ጽኑ ምሰሶ እ.ኤ.አ. በ1916 የተሰጠ ቀዳሚ ፍርድ ሲሆን፣ ያም ፍርድ ቅርጻ ቅርጽ የሚባለው ፍጥረትን በእውነተኛ መጠኑና መልኩ አስመስሎ የሠራ እንደ ሆነ ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ዳኞቹ ምስክሮቹን፣ ይህ ነገር ወፍ ይመስላችኋል ወይ፣ በዱር ብታዩት ታድኑታላችሁ ወይ እያሉ ጠየቋቸው። ስታይከንም ወፍ ባይመስልም የወፍን መንፈስ እንደሚሰማው መለሰ፤ ቀራፂው ጄኮብ ኤፕስታይን የጥንት ግብፃውያን ከድንጋይ የጠረቡትን ጭልፊት አምጥቶ፣ የፍጥረትን መልክ አሳጥሮና አጥርቶ ማሳየት አዲስ ነገር አለመሆኑን አስረዳ፤ አንድ ጎበዝ ብረት ሠሪ ይህን ሊያበጅ አይችልም ወይ ተብሎ ቢጠየቅም፣ መወልወል ይችላል እንጂ ማሰብ አይችልም አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 1928 የተሰጠው ፍርድ፣ ሐሳብን እንጂ የፍጥረትን መልክ ለማሳየት የማይጥር አዲስ የሥነ ጥበብ ፈለግ መነሣቱን ተቀብሎ፣ ነሐሱ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ወሰነ።

ይህን የቆየ ክርክር ማንሣታችን ለሥነ ጥበብ ታሪክ ብቻ ብለን አይደለም፤ የጉምሩክ ሥራ በመሠረቱ ምን እንደ ሆነ የሚገልጥ ስለ ሆነ ነው። ብዙ ሰው ቀረጥን የሚያስበው እንደ ሒሳብ ነው፤ ዋጋው ተይዞ በመቶኛ ይባዛል፣ ድምሩ ይከፈላል ብሎ። ይሁን እንጂ ከማባዛቱ አስቀድሞ የሚመጣ፣ ከማባዛቱም የሚከብድ ሥራ አለ፤ ይኸውም በፊታችን የቆመው ዕቃ ባሕርዩ ምንድን ነው፣ ግብሩስ ምንድን ነው ብሎ መርምሮ ቦታውን መስጠት ነው። ይህ ሥራ ምርመራና ፍርድ ነው፤ ፍርድም ስለ ሆነ የሚገባው ማስረጃ፣ ምክንያትና ይግባኝ ነው።

ዛሬ ይህን ፍርድ አብዛኛው ዓለም የሚፈርድበት አንድ መዝገብ አለ። የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ በመንግሥታት ማኅበር ዘመን በጄኔቫ የተዘጋጀው ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው በ1950 እ.ኤ.አ. አዲስ ስምምነት ፈረሙ፤ ከዚያም የሰፋውና የጠለቀው ኤች ኤስ በሚባል አጭር ስም የሚታወቀው የተጣጣመ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት፣ ሰኔ 14 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. ተፈርሞ ጥር 1 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ዋለ። የሚጠብቀውና በየጥቂት ዓመቱ የሚያድሰው መቀመጫውን በብራስልስ ያደረገው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ነው። መዝገቡ በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች የተደለደለ ሲሆን፣ ምዕራፍ 77 ለወደፊት ተብሎ ባዶውን ይኖራል። ለየዕቃው ከሚሰጠው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ለሁሉም አገር አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመሩትን አኃዞችና የቀረጡን ልክ እያንዳንዱ መንግሥት ለራሱ ይወስናል።

ለመዝገቡ አነባበብ ስድስት አጠቃላይ ሕጎች ተሠርተውለታል። የመጀመሪያው ሕግ የክፍልና የምዕራፍ ርእሶች ለፍለጋ መመሪያ ብቻ መሆናቸውን፣ የሚፈርደው ግን የአንቀጹ ቃልና የክፍሉና የምዕራፉ ማስታወሻ መሆኑን ይናገራል፤ በትርጓሜ ቤት መምህሩ ንባቡን ካስነበበ በኋላ ምሥጢሩን በአንድምታው እንደሚገልጥ ሁሉ፣ የታሪፍ መርማሪም ርእሱን አንብቦ ሳይቆም ማስታወሻውን ሊመረምር ግድ ይሆንበታል። ሦስተኛው ሕግ ደግሞ አንድ ዕቃ ለሁለት አንቀጾች የሚስማማ መስሎ ሲታይ የበለጠ ዘርዝሮ የሚገልጸውን አስቀድም ይላል፤ ያ ካልፈታው ለዕቃው ዋና ባሕርዩን የሚሰጠውን ነገር ፈልግ ይላል፤ ይህም ካልረዳ በቁጥር ቅደም ተከተል የመጨረሻ የሆነውን አንቀጽ ውሰድ ብሎ ይደመድማል።

እንግዲህ ከኒው ዮርክ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ እንምጣና አንድ ኮንቴይነር በሐሳባችን እናስከፍት። ዕቃው ከሕንድ አገር፣ በናስ ሥራዋ ከታወቀችው ከሞራዳባድ ተጭኖ፣ በባሕር ጅቡቲ ደርሶ፣ ከዚያም በየብስ የመጣ ነው። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን፣ የዋጋ ሰነዱንና የጭነት ዝርዝሩን ይዞ ቆሟል፤ አስመጪው ሽበት ያወጣ የመርካቶ ነጋዴ ነው፤ ፈታሹም ወጣት ነው። ሠራተኞቹ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ክብ ናስ ያወጣሉ፤ ፊቱ በሙሉ የዝሆን፣ የአበባና የሐረግ ቅርጽ ከፍ ዝቅ እያለ የተቀረጸበት ነው።

«ይህ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ትሪ ነው ልጄ።»

«በዚህ ላይ ስኒ ይቆማል?»

«አይ፣ አይቆምም፤ ቅርጹ አያስቆመውም። ሰው ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቅለው።»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የብራንኩሺ ሙግት እንደገና ተነሥቷል። ነጋዴው ትሪ ያለው በልማድ ነው፤ መልኩ የትሪ ነውና። ነገር ግን ከመዳብና ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ የማዕድና የቤት መገልገያ የሚመደበው በአንቀጽ 7418 ሲሆን፣ ከተራ ብረታ ብረት የተሠሩ ሐውልታት፣ ጌጣጌጥና የሥዕል ክፈፎች የሚመደቡት በአንቀጽ 8306 ነው። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የማብራሪያ መጽሐፍም ይህንኑ ጉዳይ አስቀድሞ አስቦበታል፤ ቅርጹ እጅግ ከመጕላቱ የተነሣ መገልገያነቱ ከንቱ የሆነበትን ትሪ ለምሳሌ ጠቅሶ፣ ጌጥ ነው ይለዋል። በአንጻሩ ደግሞ ምንም ያህል የተዋበ ቢሆን የሚገለገሉበት ዕቃ ውበቱ ከመገልገያነቱ አያወጣውም። ስለዚህ ለነጋዴው የሚጠቅመው ጥያቄ «ስሙ ማን ነው» የሚለው አይደለም፤ ፈታሹ እንዳደረገው፣ ስኒ ይቆምበታል ወይ የሚለው ነው።

ከዚሁ ኮንቴይነር የሚወጡት ሌሎቹ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው ይሄዳሉ። ከናስ የተሠራ የአንበሳ ምስል፣ የግድግዳ መዳልያ፣ የሥዕል ክፈፍና ከብረታ ብረት የተሠራ መስተዋት ወደ 8306 ይገባሉ፤ ነገር ግን መስተዋቱ ከብርጭቆ ከሆነ ክፈፉ ናስ ቢሆንም ወደ ብርጭቆ ምዕራፍ፣ ወደ አንቀጽ 7009 ይሄዳል። አበባ የሚያዝበት የናስ ማሰሮ፣ ሌላ ጌጥ ከመያዝ በቀር ጥቅም ስለሌለው ከጌጦች ጋር ይቈጠራል። የሻማ መቅረዝ ግን መብራት ነውና ወደ አንቀጽ 9405 ያልፋል። የቤተ ክርስቲያን ደወልና የብስክሌት ቃጭል ኤሌክትሪክ የሌላቸው ስለ ሆኑ በ8306 ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚጮኸው የቤት ደወል ግን በአንቀጽ 8531 ነው። ምስሉ ሰዓት ተሸክሞ እንደ ሆነ ሰዓቱ ወደ ምዕራፍ 91 ይስበዋል። የአንድ ሣጥን ዕቃ በአንድ ቁጥር ሊገለጽ የማይችለው ስለዚህ ነው፤ «ልዩ ልዩ የቤት ጌጣጌጥ» የሚል አንድ መስመር ጽፎ መምጣትም የሙግትን በር መክፈት ነው።

ከግብሩ ቀጥሎ የሚመረመረው ማዕድኑ ነው። ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ተራ ማዕድናት የተሠራ ዕቃ በክብደት የሚበልጠውን ማዕድን ይከተላል፤ ናስም መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚወጣ ነውና፣ መዳቡ ሲበልጥ ከመዳብ ወገን ነው። ወርቅና ብር ግን ሌላ ሥርዓት አላቸው፤ በቅይጡ ውስጥ ከክብደቱ 2 ከመቶ ወርቅ ያለበት ነገር እንደ ወርቅ ቅይጥ፣ ወርቅና ፕላቲኑም በዚህ መጠን ሳይገኙበት 2 ከመቶ ብር ያለበት ደግሞ እንደ ብር ቅይጥ ይቈጠርና ወደ ምዕራፍ 71 ይወጣል። በኤሌክትሪክ መንከሪያ ላዩን ብቻ ብር የተቀባ የናስ ምስል ግን ላዩ ቢያበራም ውስጡ ናስ ነውና፣ በአንቀጽ 8306 ውስጥ ለዚሁ በተለየ ንዑስ ቁጥር ይቀራል። ዓይን በብልጭታ ሊታለል ይችላል፤ ሕጉ የሚያምነው የላቦራቶሪን ምስክርነት ነው።

የብራንኩሺ ወፍ ዛሬ ቢመጣ የሚመራው ወደ አንቀጽ 9703፣ ወደ ወጥ ቅርጻ ቅርጾች ነው። ሆኖም የዚያ ምዕራፍ ማስታወሻ፣ በብዛት እየተባዙ የሚወጡትንና ለንግድ የሚሠሩትን የተለመዱ የእጅ ሥራዎች፣ ንድፋቸው የአርቲስት ቢሆንም እንኳ፣ ከዚያ ያግዳቸዋል። የላሊበላና የአክሱም አንጥረኞች ለገበያ የሚያበጁት መስቀል ምንም ያህል በጥበብ ቢሠራ በዚህ ማስታወሻ ፊት ይፈተናል ማለት ነው። ዕድሜው ከ100 ዓመት ያለፈ ጥንታዊ ዕቃ ደግሞ በአንቀጽ 9706 ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ከአገራችን የሚወጣ እንደ ሆነ ግን የቀረጡ ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት የቅርስ ሕግ ይቀድማል፤ ያለ ፈቃድ ሊወጣ አይችልምና።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ። የኢትዮጵያ የጉምሩክ ቀረጥ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ 35 ከመቶ ይደርሳል። የቀረጡ መሠረት ዕቃው የተገዛበት ዋጋ፣ መድኑና የማጓጓዣው ወጪ ተደምረው የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ይህ ድምር 100,000 ብር ነው እንበልና፣ ኤክሳይስ የማይከፈልበትን አንድ ዕቃ በሁለት የተለያዩ ልኮች እናስላው። ቀረጡ 20 ከመቶ ሲሆን 20,000 ብር ይከፈላል፤ በ120,000 ላይ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 18,000 ይሆናል፤ በ138,000 ላይ 10 ከመቶ ሱር ታክስ 13,800 ይጨመራል፤ የእነዚህ የሦስቱ ድምር 51,800 ብር ነው። ቀረጡ 35 ከመቶ ሲሆን ግን፣ ቀረጡ 35,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 20,250፣ ሱር ታክሱ 15,525 ሆኖ ድምሩ 70,775 ብር ይደርሳል። በቀረጥ ላይ የታየው የ15,000 ብር ልዩነት፣ ታክሱ በታክስ ላይ እየተነባበረ ስለሚሄድ፣ በመጨረሻ 18,975 ብር ሆነ። ነጋዴው በአንድ አንቀጽ መለዋወጥ የሚያጣው ወይም የሚያተርፈው ይህን ያህል ነው፤ መንግሥትም እንዲሁ።

የቀረጥ ልክ የየአገሩ አሳብ መስተዋት ነው። በአሜሪካ መደበኛ የታሪፍ መዝገብ፣ በከበረ ማዕድን ያልተቀባ ከተራ ብረታ ብረት የተሠራ ጌጥ ያለ ቀረጥ የሚገባ ሲሆን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በአገርና በማዕድን እየተለዩ የሚጨመሩ ታሪፎች በላዩ ይደራረባሉ። የውጭ ምንዛሪዋ ውሱን የሆነ አገር ደግሞ ጌጥን ከመድኃኒትና ከማረሻ ለይታ ከፍ ያለ ቀረጥ ብትጥልበት ምክንያት የለሽ አያሰኛትም። ይህን የመለየት ሥልጣን ግን ኢትዮጵያ ሁልጊዜ በእጇ አላደረገችውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው፣ በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ በሚገባው ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዋጋው 10 ከመቶ እንዳይበልጥ አስሮ ነበርና፣ መንግሥቱ የቅንጦቱንና የግድ የሚያስፈልገውን በልኩ ለይቶ ለመቅረጥ እጁ የታሰረ ነበር። የጉምሩክን ሥራ በነጋድራስነት ያዩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ በየኬላው የሚወሰደው ቀረጥ ንግድን እንዴት እንደሚያደኸይ፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብም እንዴት እንደሚጎዳ መርምረዋል።

ያ ምርመራ ዛሬም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ይፈተናል። በዚያ የተጣለ ብረትና ቆርቆሮ በመዶሻ ታድሶ ምድጃ፣ ማንደጃና የቤት ዕቃ ይሆናል፤ የናስ አንጥረኛም ከውጭ የመጣ የናስ ዝርግ ገዝቶ ጌጥ ያወጣል። ከ0.15 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የመዳብና የናስ ዝርግ በአንቀጽ 7409፣ ዘንጉ በ7407 የሚመደብ ጥሬ ዕቃ ነው። ሕጉ ጌጥን ከፍ አድርጎ ቀርጦ ጥሬ ዕቃውን ዝቅ ሲያደርግ አሳቡ የአገሩ እጅ እንዲሠራ ነው፤ ነገር ግን ዝርጉ ቀዳዳና ጌጥ ስላለው ብቻ እንደ ተሠራ ዕቃ ቢመደብ፣ ወይም የተሠራው ጌጥ በክፍልፋይ መጥቶ እንደ ጥሬ ዕቃ ቢያልፍ፣ የሕጉ አሳብ ይገለበጥና እንዲጠበቅ የታሰበው አንጥረኛ ተጎጂ ይሆናል። ሁለተኛው አጠቃላይ ሕግ ተፈታትቶ የመጣን ዕቃ እንደ ሙሉ ዕቃ ቁጠር የሚለው ይህን ክፉ መንገድ ለመዝጋት ነው። እንግዲህ አመዳደብን ማጣመም ገንዘብ ማጉደል ብቻ አይደለም፤ የመንግሥትን ምክር ማፍረስ ነው።

ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የሚጠበቀውን በግልጽ መናገር ይገባል። ነጋዴው ዕቃውን በእውነት ይግለጽ፤ ማዕድኑን፣ ክብደቱን፣ ለምን እንደሚውልና እንዴት እንደ ተሠራ የሚያሳይ ሥዕልና የአምራቹን መግለጫ ከሰነዱ ጋር ያቅርብ፤ ዝቅ ያለ ቀረጥ ፍለጋ ስም አይለውጥ። ሹሙም ገቢ ለማብዛት ከፍ ያለውን ልክ ፈልጎ ከዚያ ወደ ዕቃው አይምጣ፤ ከዕቃው ተነሥቶ፣ በማስታወሻው በኩል አልፎ፣ ወደ አንቀጹ ይድረስ እንጂ። ውሳኔውንም የትኛውን ሕግና የትኛውን ማስታወሻ እንደ ተከተለ በጽሑፍ ያስረዳ፤ ምክንያቱ ያልተጻፈ ፍርድ ይግባኝ ሊባልበት አይቻልምና፣ በሕግ የተሰጠውን የቅሬታ መብት በተግባር ከንቱ ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሙግቱ ዕቃው ወደብ ሳይደርስ በፊት እንዲያልቅ ማድረግ ነው። የካቲት 22 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማቀላጠፊያ ስምምነት፣ አባል አገሮች ስለ ታሪፍ አመዳደብ ለሚጠይቃቸው ነጋዴ ቀድመው አስገዳጅ ውሳኔ እንዲሰጡ ያዛል። በአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለው ውሳኔ ለሦስት ዓመት ይጸናል፤ ሹሙንም ነጋዴውንም ያስራል። የአሜሪካ ጉምሩክም የሚሰጣቸውን ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው ለሕዝብ ይገልጣል፤ ማንም ነጋዴ ስለ ናስ መቅረዝ ወይም ስለ ግድግዳ ሳሕን ከዚህ በፊት ምን እንደ ተወሰነ አንብቦ ዕቃውን ሳያዝ ዕዳውን ማወቅ ይችላል። ውሳኔ ተሰብስቦ ሲታተም ልማድ ይሆናል፤ ልማድም ሲጸና በሞጆና በቃሊቲ፣ በድሬዳዋና በቦሌ አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ዓይነት ፍርድ ያገኛል። ወጣቱ ፈታሽም ከእርሱ በፊት የነበሩት እንዴት እንዳሰቡ ስለሚማር ሥራው ይቀልለታል።

ቀረጥ የመንግሥት መብት ነው፤ ትምህርት ቤቱም ሐኪም ቤቱም መንገዱም ከእርሱ ይሠራልና ማንም አስተዋይ ዜጋ አይጠላውም። ሰው የሚመረረው፣ ትናንት በአንድ በር ጌጥ የተባለው ዛሬ በሌላው በር መገልገያ ሲባልና ምክንያቱን የሚነግረው ሲያጣ ነው። በኒው ዮርክ የነበሩት ዳኞች የነሐሱን ወፍ መውደድ አልተገደዱም ነበር፤ የተገደዱት ማስረጃውን ሰምተው፣ የቀደመው ፍርድ ለዘመኑ መጥበቡን መርምረው፣ ምክንያታቸውን በጽሑፍ ማኖር ነበር፤ ያን ስላደረጉም ፍርዳቸው ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ ይነበባል። የእኛም የጉምሩክ ቤት ስለ አንድ ትሪ ሲፈርድ እንዲሁ ቢያደርግ፣ ከሚሰበስበው ገንዘብ የሚበልጥ ነገር ይኸውም የሕዝብን አመኔታ ያከማቻል፤ አመኔታ ያለው መንግሥትም ቀረጡን የሚከፍልለት ሕዝብ አያጣም።